ድምፅ ጠጋኙ

ጋሽ እስክሪብቶን ሞቶ ያገኘው ጓደኛው ልብስ ሰፊው ነበር። ቀትር ላይ፣ ካፊያው ገና ሳያባራ፣ ከጋሽ እስክሪብቶ ሱቅ ወጥቶ መንገዱ መሃል ቆመና «የሰው ያለህ!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት ከየሱቁ ሲወጣ ግን ሌላ ቃል ጠፋበት፤ በጣቱ ብቻ ወደ ውስጥ ያመለክት ነበር።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሳጅኑ ቀድሟት ሰዉን ከበሩ እየመለሰ ነበር። ሳጅኑ ጡረታው የቀረበ፣ ሆዱ የቀደመ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። እሷ ግን ከአለቆቿ ሁሉ ይልቅ እሱን ታምናለች።

«ግቢ፤ ራስሽን ግን ጠብቂ» አላት። «ከጣሪያ እስከ ወለል የድሮ ዘመን ነው የተሰቀለው።»

እውነቱን ነበር። የጠባቧ ሱቅ ግድግዳ በሙሉ ካሴት ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ጡብ ተደርድሯል። ዎክማኖች ከየሚስማሩ ላይ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥለዋል። ሽፋናቸው የተከፈተ ቴፖች አንጀታቸውን ዘርግተው ጥግ ይዘዋል። ቤቱ አልኮልና ብየዳ ይሸታል። ሟቹ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በጎኑ ተኝቷል። ካሴት የሚያጠነጥንበት እስክሪብቶ፣ ሰፈሩን እውነተኛ ስሙን ያስረሳው ያ እስክሪብቶ፣ ከጆሮው ላይ እንኳን አልወደቀም። ከጠረጴዛው ጥግ ላይ የታሰረው፣ ዕቃ ነክሶ የሚይዘው የብረት ሞርሳ ደም ነክቶታል።

«አዳልጦት ይሆን?» አለ ሳጅኑ። «ሰውየው በዕድሜ ገፍቷል፤ ወለሉም እርጥብ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ሸሚዙን አየች። ደረቱ ላይ ሁለት አዝራሮች የሉም። አንደኛውን ከጠረጴዛው ሥር፣ ሌላውን ከበሩ አጠገብ አገኘችው።

«የሚያዳልጠው ሰው የራሱን አዝራር አይበጥስም» አለች። «ሰው ጨብጦ ገፍቶታል።»

ሐኪሙ ሬሳውን አገላብጦ አየና ጓንቱን አወለቀ። «ከጠዋት እስከ ቀትር ባለው ውስጥ ነው የሞተው። ከዚያ በላይ አታስጨንቂኝ።»

ከሱቁ የተወሰደ ነገር አልነበረም። የበሩ ቁልፍ ከውስጥ ባለው ሚስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር የተያያዘ ዎክማን ተቀምጧል። የማጫወቻው ቁልፍ ወደ ታች እንደተጫነ ነው፤ ካሴቱ ግን አይዞርም። ሳጅኑ ጀርባውን ከፍቶ አየ።

«የባትሪ ድንጋዩ አልቋል» አለና መልሶ አስቀመጠው።

ልብስ ሰፊው ከመንገዱ ማዶ ባለችው ሱቁ፣ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጦ ጠበቃት። አምሳዎቹን የተሻገረ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነው። አንገቱ ላይ ሁለት ነገር ተንጠልጥሏል፤ ሜትሩና የዎክማኑ ማዳመጫ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ጋ እንሰበሰብ ነበር» አለ። «እኔ፣ ያ ፋርማሲስት፣ ሌሎችም መጣ ሄድ ይላሉ። ካሴት የሚወድ ካሴቱን፣ ዲስክ የሚወድ ዲስኩን ይዞ ይመጣል። ሰው ይስቅብናል። የወንድሜ ልጆች ‹ዘፈኑ ሁሉ ስልክ ውስጥ እያለ ይሄን ጡብ ምን ያሸክምሃል› ይሉኛል።»

«ምን ያሸክምዎታል ታዲያ?»

«ስልክ ውስጥ ያለው የማንም ነው። ይሄ ግን አብሮ ያረጃል። ሲታመም ያስታምሙታል።»

ጠዋት የት እንደዋለ ጠየቀችው። ሠርጉ የደረሰ ደንበኛ ሱፉን እንዲለካለት ቤቱ ድረስ ጠርቶት እዚያ እንደቆየ፣ ቀትር ላይ ሲመለስ የጋሽ እስክሪብቶ በር ገርበብ ብሎ እንዳየ ነገራት። «ምሳ እንብላ ልለው ነበር የገባሁት» አለ፤ አንገቱንም ደፋ።

«እዚህስ ላይ ምን ይሰማሉ?» አለች ማዳመጫውን እያየች፣ ወሬውን ለማለዘብ ያህል።

እጁ ኪሱን ሸፈነ። «የእናቴ ካሴት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ከጋሽ እስክሪብቶ ሱቅ ግድግዳ ለግድግዳ የምትጎራበተው የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ግን ጠያቂ እንጂ ወሬ የሚያጥራት ሴት አልነበረችም።

«እስከ ቀትር በሕይወት ነበር!» አለች ደረቷን እየመታች። «ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ስከፍት ሙዚቃው ይዘፍናል። ይሄ ግድግዳ እንደሆነ ወረቀት ነው፤ ሰውየው ሲያስነጥስ ‹ይማርህ› እለዋለሁ። ሙዚቃው አንዴ እንኳን ሳይቋረጥ እስከ ቀትር ቆይቷል። ካሴት መቼም አንዱ ፊቱ ሲያልቅ የሚገለብጠው ይፈልጋል። ማን ገለበጠው? እሱ ነዋ!»

«ሙዚቃ ብቻ ነው የሰማሽው?»

«ያ ፋርማሲስት የት ሄዶ! ቀትር ሊሆን ትንሽ ሲቀረው መጥቶ በሩን ነቀነቀው። ‹ክፈት፣ አንተ ሌባ! ዛሬ በእጄ ነው የምትጠፋው!› ሲል በነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ከዚያ ደንበኛ መጣብኝ። ቀጥሎ የሰማሁት የልብስ ሰፊውን ጩኸት ነው።»

ሳጅኑ ሠርገኛው ቤት ሄዶ ሲመለስ ልብስ ሰፊው ረፋዱ ላይ ደርሶ፣ ሲለካና ሲቀድ ቆይቶ፣ ቀትር ሲቃረብ መውጣቱን አረጋግጦ መጣ። ሟቹ እስከ ቀትር ካሴት ሲገለብጥ ከነበረ ልብስ ሰፊው ከደሙ ንጹሕ ነው። የቀረው ፋርማሲስቱ ነበር።

ፋርማሲስቱን ከመድኃኒት መደርደሪያው ኋላ አገኙት። ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ረዘም ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ ፂሙን በጥንቃቄ የሚከረክም ሰው ነው። መሞቱን ሲነግሩት ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ሰደብኩት» አለ። «አዎ፣ ሰደብኩት። የኔን ሚኒ ዲስክ ማጫወቻ እጠግናለሁ ብሎ ከወሰደው ወዲህ ስንቴ ተመላለስኩ! ለካስ ሌንሱን አውጥቶ ለሌላ ሰው ገጥሞታል። እንደሱ ዓይነት ሌንስ ዛሬ በወርቅ አይገኝም። እሱ ከካሴት ሌላ ሁሉ ቆርቆሮ ይመስለዋል።»

«ለሌንስ ብሎ ሰው ‹በእጄ ትጠፋለህ› ይላል?»

«ይላል እንጂ አያደርግም! በሩ ተቆልፎ ነበር። ነቀነቅኩት፣ አልከፈተልኝም፣ ሄድኩ።»

«ልብስ ሰፊው ደግሞ ገርበብ ብሎ ነው ያገኘሁት ይላል።»

«እንግዲህ ከኔ በኋላ ተከፍቶ ይሆናላ!»

ኢንስፔክተሯ መልሱን አልወደደችውም። ቆልፎ የተቀመጠ ሰው፣ ተሳዳቢው ገና ከመሄዱ በሩን ከፍቶ የሚሞትበት ምክንያት አልታያትም። ይልቅ ፋርማሲስቱ ገብቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ «ተቆልፎ ነበር» ቢል ይቀላል። ይዛው ሄደች። ጣቢያ ድረስ «ሌንሱ ግን የኔ ነው» እያለ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የሟቹ ቤት ሄደች። ጋሽ እስክሪብቶ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ከሩቅ ከተማ ዓይናቸውን ሊታከሙ የመጡት ታላቅ እህቱ ብቻ ነበሩ፤ ከአውቶቡስ የወረዱት ወንድማቸው ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ነው። ያልተፈታ ሻንጣቸው አጠገብ፣ ጥቁር ሻርፕ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል።

«ወንድሜ ሰው አስቀይሞ አያውቅም» አሉ። የፊት ጥርሳቸው መሃል ክፍተት ስላለ «ሰ» ሲሉ ድምፃቸው በቀጭኑ ያፏጫል። «ይልቅ ሰው ሲያዝን አይችልም ነበር። ስናድግ የሞተች ድመታችንን ተኝታ ነው ብሎ ያሳመነኝ እሱ ነው። ታናሽ ሆኖ እኔን ያባብለኛል።»

«በመጡበት ቀን ሱቁ ሄደው ነበር፣ እናቴ?»

«ከአውቶቡስ ተቀብሎኝ በዚያ በኩል አለፍን። የቤቱን ቁልፍ እዚያ ረስቶ ነበር። አንድ ጓደኛው እዚያ ሲጠብቀው አገኘነው። እኔ መቼም ሰው ሳይ ዝም ማለት አልችልም፤ ‹እንደምን ሰነበትህ ልጄ› ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ፊቱ አመድ ሆነ። እጄን ሳይጨብጠኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወጣ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ወንድሜም ደነገጠ። ምን አድርጌው ነው ስለው ‹ምንም፣ ድካም ነው› አለኝ። ማታ ግን እህል አልቀመሰም።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ዓይኔ ደካማ ነው፣ ልጄ። ረጅም፣ ቀጠን ያለ።»

ፋርማሲስቱ ነው አለች ኢንስፔክተሯ በልቧ። ጠቡ ገና በዋዜማው ጀምሯል ማለት ነው። ሴትየዋን አጽናንታ ወጣች።

ፋርማሲስቱ ካደረበት ክፍል ሲመጣ ፂሙ ተጎሳቁሏል፤ አፉ ግን አልተጎሳቆለም።

«እናንተ የምትጠይቁትን አታውቁም» አለ። «እኔ ያን ሰውዬ በደንብ አውቀዋለሁ። በሩን ስነቀንቅ ውስጥ እንዳለ የገባኝ በሙዚቃው ነው። እያሾፈብኝ ነው ብዬ ነው የባሰ የተናደድኩት።»

«እንዴት ነው በሙዚቃ የሚያሾፍብዎት?»

«ካሴቱ ይጎተት ነበራ! ዘፋኟ ሴት ናት፤ የምትዘፍነው ግን እንደ ሰከረ ሽማግሌ ነው። እየዘገመች፣ እየወፈረች፣ እየተኛች። እኔ ‹የናንተ ካሴት ሁልጊዜ ይጎተታል› እያልኩ ስለምቀልድበት ሆን ብሎ ያሰማኝ መሰለኝ።» ንግግሩን አቆመና ግንባሩን ቋጠረ። «አሁን ሳስበው ግን የሱ ጠባይ አይደለም።»

«ለምን?»

«ጋሽ እስክሪብቶ የሚጎተት ካሴት ሲሰማ ጥርሱን ያመዋል። መንገድ ላይ ከሰው ሱቅ ሲሰማ እንኳን ገብቶ ያስተካክላል። እጁ ሊደርስበት እየቻለ እንደዚያ አያዘፍነውም።»

ኢንስፔክተሯ ተነስታ ሳጅኑን ጠራችው። ከሱቁ የመጣውን ዎክማን ከማስረጃ ሳጥን አወጡ።

«ይሄን ትናንት ድንጋዩ አልቋል አልከኝ።»

«ቀጥ ብሏል።»

«አዲስ አግባበትና አጫውተው። የአንዱ ፊት መጨረሻ ላይ አድርሰው።»

ሳጅኑ አዲስ ድንጋይ አስገባ፣ ክሩን ወደ መጨረሻው አሻገረ፣ ቁልፉን ተጫነ። ዘፋኟ ለአፍታ ዘፈነች። ክሩ አለቀ። ሁለቱም ቁልፉ ዘሎ እንዲወጣ ጠበቁ። ውስጡ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ካሴቱ ወደ ኋላ መዞር ጀመረ፤ ሌላኛው ፊት መዝፈን ያዘ።

«አሃ!» አለ ሳጅኑ። «ራሱ ይገለብጣል! ጎረምሳ ሳለሁ አንድ ሀብታም ጓደኛዬ ነበረው። እሱን ከፍተን ተኝተን ስንነሳ እንኳን ይዘፍናል።»

«ድንጋዩ እስኪያልቅ።»

«ድንጋዩ እስኪያልቅ። ሊያልቅ ሲል ደግሞ...» ሳጅኑ ዓይኑን አፈጠጠ። «ይጎተታል።»

ነገሩ እንደ ተተረተረ ስፌት ተፈታ። ጎረቤቲቱ የሰማችው ሰው ሳይኖርበት የሚዘፍን ቴፕ ነው። ጋሽ እስክሪብቶ የሞተው ቀትር ላይ ሳይሆን ሱቁን እንደከፈተ፣ ጎረቤቲቱ ገና ከልጆቿ ጋር መንገድ ላይ ሳለች ነው። ፋርማሲስቱ የነቀነቀው በር እውነትም ተቆልፏል፤ ከውስጥ ያለው ግን መክፈት የሚችል ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በሩን ገርበብ ያደረገው ቁልፉን ይዞ የሄደና ይዞት የተመለሰ ሰው ነው።

«ከሱቁ ካሴቶች መሃል የቅዳሜ ተሰብሳቢዎቹ ፎቶ ተለጥፎ አለ» አለች። «ወስደህ ለእህቱ አሳያቸው። አጠገባቸው ያዝላቸው፤ ዓይናቸው ደካማ ነው። እጃቸውን ያልጨበጣቸውን ሰው ይጠቁሙህ።»

ሳጅኑ ሲመለስ እንደ ልማዱ አልቀለደም። ሴትየዋ ጣታቸውን ያሳረፉት ፋርማሲስቱ ላይ አልነበረም።

ምሳ አልፎ ነበር። ልብስ ሰፊው መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ የሠርገኛውን ሱፍ ይሰፋል። መስታወቱ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ሳጅኑ ከበሩ ውጭ ቀረ፤ እሷ ገባች፤ ልብስ ሰፊውም እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ።

«ፋርማሲስቱን ለቀቅነው» አለችው።

«ጥሩ» አለ። «አፉ ነው እንጂ ሰው አይጎዳም።»

«በሩ ገርበብ ብሎ ነበር ያሉኝ እርግጠኛ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ሲነቀንቀው ተቆልፎ ነበር። ጋሽ እስክሪብቶ ደግሞ ያኔ ከሞተ ቆይቷል።»

ልብስ ሰፊው መቀሱን አነሳ፤ የሚቆርጠው አጥቶ መልሶ አስቀመጠው። ኢንስፔክተሯ ገና አንድ ነገር አልገባትም ነበር። ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ለምን እንደሆነ ግን ፍንጩ እንኳን የላትም። ሰላም ያሉትን አሮጊት ፊት ነሥቶ በማግስቱ ወንድማቸውን የሚገድል ሰው ምን ነካው ይባላል? ዓይኗ አንገቱ ላይ ወደተንጠለጠለው ማዳመጫ ሄደ።

«እናትዎን ልስማቸው?»

«ምን ያደርግልሻል?» አለ። የትናንቱ ትሕትና ጠፍቶ ነበር።

«እንጃ። ብቻ ልስማቸው።»

ልብስ ሰፊው ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ፣ ዎክማኑን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ነበር የያዘው።

መጀመሪያ ጭው የሚል ድምፅ ብቻ ሰማች። ከዚያ ከሩቅ፣ ከጭውታው በስተጀርባ፣ አንዲት ሴት ተናገረች።

«ልጄ፣ እንደምን ሰነበትህ? እኔ ሰላም ነኝ። ስለኔ አታስብ። ሥራ ስትይዝ ሰው አትቀየም። ብርዱ ሲብስ ደረትህን ሸፍን...»

«ሰ» በወጣች ቁጥር በቀጭኑ ታፏጫለች።

ኢንስፔክተሯ የማዳመጫውን ትራስ ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገችው። ያን ጠዋት ከሻንጣቸው አጠገብ ከተቀመጡት የሟቹ እህት የሰማችው ድምፅ ነበር። ትንሽ ወጣትነት አለው፣ ትንሽ ታፍኗል፤ ሴትየዋ ግን አንድ ናት። ማዳመጫውን አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«እናትዎ አይደሉም» አለች።

ልብስ ሰፊው ራሱን ነቀነቀ። ለማስተባበል አልሞከረም። ደክሞት ነበር።

«እናቴ መጻፍ አትችልም ነበር» አለ። «ስፌት ልማር ሌላ ከተማ ሳለሁ ቃሏን በካሴት ትልክልኝ ነበር። እሷ ስትሞት የቀረችኝ ያቺ አንዲት ካሴት ናት። እሷንም ቴፕ በላብኝ። ክሩ ተጠላልፎ፣ ተኮማትሮ ሳጥን ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀመጠ። ጋሽ እስክሪብቶን ሳውቀው አምኜ ሰጠሁት። መልሶ ሲሰጠኝ እግሩ ላይ ወድቄ አልቅሻለሁ። ‹ድምፅ ጠጋኝ› ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ።»

«ያኔ አልጠረጠሩም?»

«ቃሉ የራሷ ቃል ነው። ኋላ እንደነገረኝ ክሩ ሳይበጣጠስበት አንዴ ሰምቶት ነበር፤ ያንን ጽፎ እህቱን አስነበበ። ድምፁ ትንሽ ቢለይብኝ ክሩ ስለተጎዳ ነው አልኩ። ሰው የሚፈልገውን ሲሰጡት አይመረምርም። ከዚያ ጀምሮ ጠዋት መርፌ ከመያዜ በፊት እሰማታለሁ። ማታ እሰማታለሁ።» ሱፉን ከመኪናው ላይ ገፋ አደረገው። «ከዚያ ያቺ ሴትዮ ገብታ ‹እንደምን ሰነበትህ ልጄ› አለችኝ። በአፏ። ፊት ለፊቴ ቆማ።»

ዝናቡ መስታወቱን ይደበድብ ነበር። ሳጅኑ ከውጭ አንገቱን ብቅ አድርጎ አይቶ ተመለሰ።

«ያን ማታ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ የእናቴን ድምፅ ፈለግሁ። እውነተኛውን። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ቤታችንን አሰብኩ፣ ስትቆጣኝ አሰብኩ፣ ስትስቅ አሰብኩ። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። የሚወጣው ግን የዚያች ሴትዮ ድምፅ ነው። የስንት ዓመት መስማት የእናቴን ድምፅ ከውስጤ ጠርጎ አጥፍቶታል። ጠዋት ሄድኩ። ‹የኔን ካሴት አምጣ፣ ብጥስጣሹንም ቢሆን አምጣ› አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«መጀመሪያ ሊቀልድ ሞከረ። ኋላ ‹ጣልኩት› አለ። ‹እንዳታዝን ብዬ ነው፣ ደግሞስ ስንት ዓመት ደስ ብሎህ ሰማህ አይደል?› አለኝ። እዚህ ጋ ያዝኩት» አለና የራሱን ደረት ጨበጠ። «ገፋሁት። ያን ብረት አላየሁትም። እግዜር ያውቃል አላየሁትም። ቴፑ ይዘፍን ነበር፤ እጄ ሊዘጋው አልቻለም። ቆልፌ ወጣሁ። የሰው ሱፍ ለካሁ። መልሼ የከፈትኩት እዚያ ወለል ላይ ብቻውን እንዳያድር ነው።»

ኢንስፔክተሯ አባቷን አሰበች። ከሞተ ቆይቷል። ፊቱ፣ ባርኔጣው፣ አካሄዱ መጡላት። ድምፁን ጠራችው፤ አልመጣም። ቶሎ ብላ ተነሳች።

«ይነሱ» አለችው። «ኮትዎን ይልበሱ፤ ብርድ ነው።»

እሱ ግን ጭኗ ላይ የነበረውን ዎክማን ያይ ነበር። «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ትናንት ማታም ሰማኋት። ማን እንደሆነች አውቄ፣ ወንድሟን ገድዬ መጥቼ ሰማኋት። ያለሷ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

ሕግ ነውና የካሴቱ ድምፅ የማን እንደሆነ መረጋገጥ ነበረበት። በማግስቱ የሟቹ እህት ጣቢያ ተጠሩ። ኢንስፔክተሯ ነገሩን ሁሉ ከነገረቻቸው በኋላ ማዳመጫውን በራሷ እጅ ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ሴትየዋ ሰሙ። መሃል ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሲያበቃ። «ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የቀዳሁት። ወንድሜ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ‹እናት ለልጇ የላከችው ቃል ነው፤ እንደ እናት ሆነሽ አንብቢው› አለኝ። ለማን ነው ስለው ‹የሰው አደራ ጠፍቶብኛል› አለና አለቀሰ። እኔ ልጅ አልወለድኩም። ማን ልጄ ብዬ ልጥራ? ግን ያን ቀን እውነት ልጅ ያለኝ ያህል ነው ያነበብኩት።» ሻርፓቸውን ሰበሰቡ። «ለካስ ለሰው መግደያ ኖሯል።»

«በእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ እናቴ።»

«በማንም ጥፋት ካልሆነ ወንድሜ ለምን ሞተ?»

ኢንስፔክተሯ ደግፋ አስነሳቻቸው። ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ሳጅኑ ልብስ ሰፊውን እጁን በካቴና አስሮ ከወዲያ በኩል ይዞት ይመጣ ነበር። እንዳይገናኙ ማድረግ ነበረባት፤ አላሰበችውም። አሁን ግን መንገዱ ጠባብ ነው።

ልብስ ሰፊው ሴትየዋን ሲያይ ቆመ። ሳጅኑ ክንዱን ቢስበውም አልተንቀሳቀሰም። ይቅርታ አልጠየቀም፣ አላለቀሰም፤ አንገቱን ወደ ፊት ቀና አድርጎ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ ለኢንስፔክተሯ ወዲያው ገባት። ድምፃቸውን ይስማ እንጂ ቢረግሙትም ግድ አልነበረውም።

ሴትየዋ ደካማ ዓይናቸውን አጥብበው ለዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ጉሮሯቸው ላይ የመጣው ቃል እርግማን ይሁን ሌላ ማንም አላወቀም፤ መዳፋቸውን አንስተው አፋቸው ላይ ጫኑት። እንደዚያው አፍነው፣ ግድግዳውን ታክከው በአጠገቡ አለፉ።

ልብስ ሰፊው ጆሮውን ወደ ደረጃው አዘንብሎ፣ ኮቴያቸው ታች ወርዶ እስኪጠፋ ድረስ ቆመ።